ከኮቨሩ ይልቅ «የራሳችን» ያላችሁትን ፈትሹ፦ የብሉዝ ሮክ አልበም ስህተቶች

አልበም ሲቀዱ ባንዶች የሚፈሩት ኮቨሩን፣ ማለትም የሌላ ሰው ዘፈን መልሶ መጫወትን ነው። ጣጣው ግን ብዙ ጊዜ የሚመጣው «የራሳችን» ካሉት ዘፈን ነው። የእንግሊዙ ሮክ ባንድ ሌድ ዜፕሊን እ.ኤ.አ. በ1969 በመጀመሪያ አልበሙ ሁለት የብሉዝ ደራሲው የዊሊ ዲክሰን ዘፈኖችን ተጫውቶ በዲክሰን ስም አወጣቸው። በዚያው ዓመት በሁለተኛው አልበም የወጣው «ሆል ሎታ ላቭ» ግን በባንዱ አባላት ስም ብቻ ተመዘገበ፤ ግጥሙ ውስጥ ዲክሰን ጽፎት የብሉዝ ዘፋኙ መዲ ዋተርስ በ1962 የቀዳው ዘፈን ነበረበት። በ1985 ክስ መጣ፣ በስምምነት አለቀ፣ የዲክሰን ስም ተጨመረ።

«ብሉዝ እኮ የሁሉም ነው» የሚል ጊታሪስት በየባንዱ አይጠፋም። የሁሉም የሆነው የ12 ባሩ (አራት አራት ምት ያላቸው 12 ክፍሎች) የኮርድ አካሄድ ነው፤ ግጥሙና ዜማው ባለቤት አለው። ከቀረጻ በፊት የራሳችሁን ግጥም ስንኝ በስንኝ እዩት። «ይሄን የት ነው የሰማሁት?» የሚያሰኝ ካለ ወይ ይውጣ፣ ወይ አስፈቅዳችሁ የባለቤቱን ስም ጻፉ።

ኮቨሩስ? በአሜሪካ ሕግ አንዴ ታትሞ የወጣን ዘፈን ደንቡን ተከትሎ፣ ክፍያውን ከፍሎ የሚቀዳን ሰው ባለቤቱ መከልከል አይችልም። የ2024 ተመን በአንድ ቅጂ 12.4 ሴንት ነበር፤ አራት ኮቨር ያለበት 1,000 ሲዲ 496 ዶላር ማለት ነው። ከ5 ደቂቃ ያለፈ ዘፈን በደቂቃ ስለሚሰላ ሶሎ (አንድ መሣሪያ ለብቻው ጎልቶ የሚጫወትበትን ክፍል) ባረዘማችሁ ቁጥር ሂሳቡ ይጨምራል። ቪዲዮ በዚህ አይሸፈንም፣ ለብቻው ያስፈቅዳል።

ሶሎ ካነሣን፣ በደቂቃ 60 ምት በሚሄድ ዝግተኛ ብሉዝ አንድ ዙር (12 ባር) 48 ሰከንድ ይፈጃል። ሦስት ዙር 2 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ነው። መድረክ ላይ ያስጨበጭባል፤ አልበም ላይ ሁለት ዙር ይበቃል።

ሸፍል የሚባለውን የብሉዝ ምት ስትቀዱ ክሊኩን (በጆሮ የሚሰማውን ምት ቆጣሪ) በአራት ብቻ አታድርጉት። እያንዳንዱ ምት ለሦስት ተከፍሎ የሚመታው አንደኛውና ሦስተኛው ነው። ሦስተኛውን ድራመሩ ቀደም፣ ጊታሪስቱ ዘግየት ካደረገው ዘፈኑ ያነክሳል፤ ሚክስ (የተቀዱት ድምፆች ሲዋሃዱ) ላይም አይድንም። ክሊኩ ሦስቱንም ይቁጠር፣ ወይም ይጥፋና ድራም፣ ቤዝና ጊታር አንድ ላይ ይቀዱ።

የጊታር ክር ከቀረጻው አንድ ቀን በፊት ይቀየር፤ ገና ያልረጋ ክር ሲሳብ ቅኝቱ ይወርዳል። ዲስቶርሽኑን (የጊታሩን ድምፅ የሚያሻክረውን) መድረክ ላይ ከምታደርጉት ቀንሱት፣ ሁለት ጊታር ሲደራረብ ይጨማለቃል። በሸክላ ለማውጣት ካሰባችሁ አንዱን ገጽ ከ22 ደቂቃ አታሳልፉ፣ ድምፁ ይሳሳል። ደግሞ ሦስት ሸፍል በአንድ ኪ (መነሻ ድምፅ) አታከታትሉ፣ እባካችሁ።