የሱቅ ፍሪጃችሁን ከግድግዳው ሳብ አድርጉት

ኮምቦልቻ ውስጥ ሱቅ፣ ካፌ ወይም ሥጋ ቤት ላላችሁ። የመብራት ወጪው ከጨመረባችሁና ፍሪጁ ሲያጓራ የሚውል ከሆነ፣ አዲስ ለመግዛት ከማሰባችሁ በፊት ጀርባውን እዩት።

ፍሪጅ ብርድ አይፈጥርም። የውስጡን ሙቀት እየሳበ በጀርባው ያስወጣል እንጂ። ያ ጥቁር የሽቦ ፍርግርግ አቧራ ከለበሰ ወይም ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፤ ሞተሩም ያለ ዕረፍት ይሠራል፣ መብራት ይበላል። ደሴ ላይ ብርዱ ትንሽ ያግዛል። እዚህ ታች ግን ሙቀቱም አለ፣ መንገድ ዳር ከሆናችሁ ደግሞ የመኪናው አቧራ።

ስለዚህ ከሶኬት ንቀሉት። ፍርግርጉን በደረቅ የቀለም ብሩሽ አራግፉ። ከዚያ ከግድግዳው 10 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቁት። በየሁለት ወሩ አንዴ ማራገፍ ይበቃል።

የበሩንም ጎማ ፈትሹ። የ10 ብር ኖት በበሩ ጎማና በፍሪጁ መሃል አድርጋችሁ ዝጉና ሳቡት። ሸርተት ብሎ ከወጣ ብርዱም በዚያው እየወጣ ነው። ብዙ ጊዜ ጎማውን በሳሙና ውሃ ማጠብ ይበቃዋል፤ ከተሰነጠቀ ግን መቀየር ነው። (ብሩን ወደ ኪስ መመለስ አትርሱ።)

ጀርባው ልሙጥ የሆነ ፍሪጅ ከሆነ ፍርግርጉ ከውስጥ በኩል ተደብቋል፤ ፈታታችሁ አትፈልጉት፣ ዙሪያውን ክፍት መተው ብቻ ነው። የፍሪዘር በረዶ ደግሞ በቢላ እንዳትፈለፍሉ። ቱቦው ከተበሳ ጋዙ ያመልጣል፤ ጥገናው ውድ ነው፣ ጋዙም አየሩን ይጎዳል። አጥፍታችሁ ራሱ ይቅለጥ።