መብራት ሲጠፋ ቀድሞ የሚጠፋው ውኃ ነው

ቤታችን የኤሌክትሪክ መስመሩ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ነው። ከእኛ ግቢ ቀጥሎ ያለው እርሻ እንጂ ምሰሶ አይደለም። እንዲህ ባለ ቤት መብራት ሲጠፋ ነገሩ ከከተማ ይለያል። መስመሩ ረጅም ነው፤ ብዙ ጊዜም አንድ ብቻ ነው። መሃል ላይ ዛፍ ከወደቀበት በሌላ በኩል ዞሮ የሚመጣ ኃይል የለም። ጥገና የሚወጡት ሠራተኞችም አብዛኛውን ጊዜ ብዙ ቤት ያለበትን መስመር ያስቀድማሉ። ስለዚህ የገጠር ቤት መዘጋጀት ያለበት ለሁለትና ለሦስት ሰዓት ሳይሆን ቢያንስ ለ3 ቀን ነው።

ስለዚህ ጉዳይ ሳወራ ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚጠይቀኝ ስለ አምፖልና ስለ ጄኔሬተር ነው። እኔ ደግሞ ቀድሜ የምጠይቀው «ውኃችሁ ከየት ነው የሚመጣው?» ብዬ ነው። ከጉድጓድ በፓምፕ ከሆነ መብራቱ እንደሄደ ቧንቧውም ብዙ ሳይቆይ ይደርቃል። ጨለማን በአንድ የእጅ ባትሪ ማለፍ ይቻላል። ሕፃንና አዛውንት ያሉበት ቤት ግን ያለ ውኃ አንድ ቀን እንኳ መዋል ይከብደዋል።

ስሌቱ ቀላል ነው። ለመጠጥና ለማብሰል ብቻ ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ያዙ። 5 ሰው ላለበት ቤት ለ3 ቀን 60 ሊትር ይሆናል፤ ባለ 20 ሊትር 3 ጀሪካን ማለት ነው። መታጠቢያውንና ዕቃ ማጠቢያውን ስትጨምሩበት ለአንድ ሰው በቀን ወደ 15 ሊትር ይጠጋል፤ ለዚህ በርሜል ያስፈልጋል። ከብት ካላችሁ ለብቻው አስቡት። አንዲት የምትታለብ ላም በቀን ከ60 ሊትር በላይ ልትጠጣ ትችላለች።

እኛ ቤት የመጠጡ ጀሪካኖች ለሌላ ነገር አይነኩም። ክዳናቸው ላይ ፕላስተር ለጥፌ የሞላሁበትን ቀን እጽፋለሁ፤ በየስድስት ወሩ እቀይረዋለሁ። የማስቀምጣቸው ጥላ ውስጥ፣ ከቤንዚንና ከፀረ ተባይ ርቆ ነው። ውኃው ጀርም ሊኖረው ይችላል ብላችሁ ከተጠራጠራችሁ አፍሉት። መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 1 ደቂቃ ይበቃዋል፤ የምትኖሩት ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆነ 3 ደቂቃ። ማፍላት ካልቻላችሁ ሽታ ያልተጨመረበት፣ ከ5 እስከ 6 በመቶ የሆነ በረኪና ለ1 ሊትር 2 ጠብታ ጨምራችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ። የደፈረሰውን ግን መጀመሪያ አጥልሉት።

አቅም ካላችሁ ገንዘባችሁን ከሁሉ በፊት ከፍ ብሎ የተሰቀለ የውኃ ታንከር ላይ አውሉት። መብራት ባለበት ሰዓት ፓምፑ ይሞላዋል፤ ሲጠፋ ውኃው በራሱ ይወርዳል። ከቧንቧው 3 ሜትር ከፍ ያለ ታንከር የሚሰጠው ግፊት 0.3 ባር ገደማ ነው። ለሻወር ደከም ይላል፤ ባልዲ ግን ያለ ችግር ይሞላል። ማቆሚያውን በደንብ የሚሠራ ሰው ይሥራው፤ 1,000 ሊትር ውኃ 1 ቶን ይመዝናልና።

አሁን ወደ ኤሌክትሪኩ እንምጣ። ምንም ነገር ከመግዛታችሁ በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። በዚያ ሌሊት የግድ መሥራት ያለበትን ዕቃ ብቻ ጻፉ። ከዕቃው ጀርባ ወይም ከቻርጀሩ ላይ ዋቱን አንብቡ፤ በሚሠራበት ሰዓት አባዙት። የእኛን ቤት ወረቀት ላሳያችሁ። ባለ 7 ዋት 4 አምፖል ለ5 ሰዓት ሲበራ 140 ዋት ሰዓት ይሆናል። 3 ስልክ ከብክነቱ ጋር 60። ሬዲዮ 20። የኢንተርኔት መሣሪያው ለ6 ሰዓት 60። ድምሩ 280 ዋት ሰዓት ነው። ቤቱን ሙሉ ሌሊት ሰው የሚኖርበት ለማድረግ የሚያስፈልገው ይህን ያህል ትንሽ ነው። ይህን ቁጥር ሳያውቁ ወደ ሱቅ የሚሄዱ ሰዎች ከሚያስፈልጋቸው እጥፍ የሚሆን ዕቃ ተሸክመው ሲመለሱ አያለሁ፤ ያሳዝነኛል።

አሁን ባትሪውን ከዚህ ጋር አስተያዩት። ባለ 12 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ በወረቀት ላይ 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል። ባትሪው የአሲድ ከሆነ ግን ከግማሽ በታች ባታወርዱት ይሻላል፤ ደጋግሞ እስከ ታች መጠቀም ዕድሜውን ያሳጥረዋል። ስለዚህ የምትቆጥሩት 600 ነው፤ ለእኛ ቤት 2 ሌሊት። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ሲገዛ ይወደዳል፤ ነገር ግን 80 በመቶውንና ከዚያም በላይ ይሰጣል። ያው መጠን ወደ 3 ሌሊት ያስኬዳል። የመኪና ባትሪ ለዚህ ሥራ አይሆንም። የተሠራው ሞተር ለማስነሣት ለአፍታ ብዙ ኃይል እንዲሰጥ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ቀስ በቀስ ሲጠቡት ቶሎ ይሞታል።

ሙቀት የሚሠራ ዕቃ ከባትሪ ጋር አታገናኙ። የ2,000 ዋት የውኃ ማፍያ ያንን 600 ዋት ሰዓት በ18 ደቂቃ ይጨርሰዋል። በዚያ ላይ ከ12 ቮልት ባትሪ ከ160 አምፒር በላይ ይስባል፤ ቀጭን ሽቦ ያቃጥላል። ፓምፕም ተመሳሳይ ጉዳይ አለው። የ1 ፈረስ ጉልበት ፓምፕ ሲሠራ 750 ዋት ገደማ ነው እንበል፤ ሲነሣ ግን ለቅጽበት ከ3 እጥፍ በላይ ሊጠይቅ ይችላል። ኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል የቤት ዕቃ ወደሚሠራበት ኤሌክትሪክ የሚቀይረው መሣሪያ) ወይም ጄኔሬተር ስትመርጡ ሻጩን የምትጠይቁት ይህን የመነሻ ኃይል ይችል እንደሆነ ነው።

የአሲድ ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ ሃይድሮጅን ጋዝ ይወጣዋል። ጋዙ ተቀጣጣይ ነው። ከመኝታ ክፍልና ከእሳት አርቃችሁ፣ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ አስቀምጡት።

ሶላር ለገጠር ቤት ትልቅ ነገር ነው። 100 ዋት ፓኔል ጥሩ ፀሐይ ባለበት ቀን ከብክነት በኋላ ወደ 300 ዋት ሰዓት ያስገባል፤ ከላይ ያለውን የእኛን ወረቀት ይሸፍናል ማለት ነው። በፓኔሉና በባትሪው መካከል ቻርጅ ኮንትሮለር፣ ማለትም ባትሪው ከልክ በላይ እንዳይሞላ የሚቆጣጠር መሣሪያ፣ መግባት አለበት። የዛፍ ቅርንጫፍ ጥላ ትንሽ ጥግ ላይ እንኳ ካረፈ ምርቱ በጣም ይወርዳል፤ ስለዚህ ጣሪያው ላይ ከመስቀላችሁ በፊት ቀኑን ሙሉ ጥላው የት እንደሚሄድ ተከታተሉ። ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ከመስመሩ ጋር ብቻ የተገናኘ፣ ባትሪ የሌለው ሶላር መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። እንዲህ የተሠራው መስመር ላይ የሚሠሩትን ጠጋኞች ከአደጋ ለመጠበቅ ነው።

ጄኔሬተር ላይ ቆም ልበል፤ ሰው የሚሞትበት እዚህ ነውና።

ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ጄኔሬተሩ ከቤቱ ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ፤ የጭስ ማውጫው ፊቱን ከመስኮትና ከበር ያዙር። በረንዳ ላይ፣ ጋራዥ ውስጥ፣ በረት ውስጥ አይሆንም። በር መክፈት አያድንም። «ዝናብ ስለሆነ ነው» የሚለው ምክንያትም አይሠራም፤ ለዝናብ ከውጭ ከላይ ብቻ የሚሸፍን መጠለያ ሥሩለት። ከቤተሰቡ ከአንድ በላይ ሰው በአንድ ጊዜ ራሱን ካመመው፣ ካዞረው፣ ካቅለሸለሸው ምክንያቱን ለመፈለግ አትቆዩ። ሁላችሁም ወዲያው ውጡና እርዳታ ጥሩ። ከሰል ክፍል ውስጥ አንድዶ መተኛትም ይኸው መርዝ ነው። በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ካገኛችሁ መኝታ ክፍል አጠገብ ስቀሉት።

ሁለተኛው አደጋ ጄኔሬተሩን በሶኬት በኩል ወደ ቤቱ መስመር መክተት ነው። ኃይሉ ወደ ኋላ ይሄድና በትራንስፎርመሩ በኩል ወደ ሺዎች ቮልት ከፍ ይላል። መስመሩ ሞቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣውን ሠራተኛ ይገድለዋል። ወይ ዕቃውን በኤክስቴንሽን ከጄኔሬተሩ ጋር በቀጥታ አገናኙ፣ ወይ ባለሙያ ቼንጅ ኦቨር (ቤቱን ከመስመሩ ወይም ከጄኔሬተሩ፣ ከአንዱ ጋር ብቻ የሚያገናኝ ማብሪያ) ይግጠምላችሁ። ሌላ መንገድ የለም።

ነዳጅ ስትጨምሩ ሞተሩን አጥፍታችሁ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። ቤንዚን ወራት ሲቀመጥ ይበላሻል፤ አሮጌውን እየተጠቀማችሁ በአዲስ ተኩት። በወር አንዴ ደግሞ ጄኔሬተሩን ጭነት ሰጥታችሁ ለ15 ደቂቃ ያህል አስነሡት።

ፍሪጅን በተመለከተ ትልቁ ዘዴ አለመክፈት ነው። ሳይከፈት ለ4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። የሞላ ፍሪዘር 48 ሰዓት፣ ግማሽ የሆነ 24 ሰዓት ይቆያል። ፍሪዘራችሁ ባዶ ቦታ ካለው በላስቲክ ጠርሙስ ውኃ ሙሉበት፤ ውኃ በረዶ ሲሆን ስለሚለጠጥ ጠርሙሱን ጢም አታድርጉት። አንድ ብርጭቆ ውኃ በረዶ አድርጋችሁ ሳንቲም ከላዩ አስቀምጡበት። ከመንገድ ስትመለሱ ሳንቲሙ ወደ ታች ሰጥሞ ካገኛችሁት፣ እናንተ በሌላችሁበት ፍሪዘሩ ቀልጦ እንደገና በርዷል ማለት ነው፤ ሥጋውን አትመኑት።

እናቴ የምትኖረው ከእኔ ጋር ነው፤ ኢንሱሊን ትወስዳለች። ለእኔ ፍሪጅ ማለት ከምንም በላይ እሱ ነው። ያልተከፈተ ኢንሱሊን የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ ነው። አብዛኞቹ ዓይነቶች ከተከፈቱ በኋላ ከ30 ዲግሪ በታች እስከ 28 ቀን ይቆያሉ፤ የእናንተን ከፋርማሲው አረጋግጡ። በረዶ በቀጥታ ሊነካው አይገባም፤ አንዴ በረዶ ከሆነ አይሠራም። አየሩ ደረቅ በሆነበት አገር ሁለት የሸክላ ማሰሮ አንዱን በሌላው ውስጥ አድርጎ መሃሉን በረጠበ አሸዋ መሙላት ጥሩ ማቀዝቀዣ ይሆናል። የኦክስጅን ማሽን የሚጠቀም ሰው ቤት ውስጥ ካለ ግን በባትሪ ላይ ብቻ አትተማመኑ። ያለ መብራት የሚሠራ መጠባበቂያ ሲሊንደርና የምትሄዱበትን ቦታ አስቀድማችሁ ከሐኪሙ ጋር ወስኑ።

ለብርሃን ሻማና ኩራዝ የመጨረሻ አማራጭ ይሁኑ፤ ልጆች ባሉበት ቤት በተለይ። ራስ ላይ የሚታሰር ባትሪ ሁለት እጅ ነፃ ያደርጋል። እኔ አንዱን በሩ አጠገብ ሚስማር ላይ ሰቅያለሁ፤ ከዚያ ማንም አያነሣውም።

ስልክ ላይ ቶሎ ሁኑ። የኔትወርክ ማማዎችም መጠባበቂያ ባትሪያቸው የሚቆየው ለተወሰነ ሰዓት ነው። መላክ ያለበትን መልእክት መብራት እንደጠፋ ላኩ። ጥሪ እምቢ ሲል አጭር የጽሑፍ መልእክት ሊያልፍ ይችላል።

የብሬከር ሳጥናችን በር ውስጥ አንድ ወረቀት ለጥፌያለሁ። ምድጃና ካውያ ይጥፋ፤ ይህ የመጀመሪያው ነው። ተረስቶ የቀረ ምድጃ መብራቱ በሌሊት ሲመጣ ቤት ያቃጥላል። ቀጥሎ ፍሪጁ፣ ቴሌቪዥኑና ፓምፑ ይነቀሉ። አንድ አምፖል ብቻ ማብሪያው ክፍት ሆኖ ይቅር፤ መምጣቱን የሚነግራችሁ እሱ ነው። ሲመጣም ቮልቴጁ እስኪረጋጋ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ጠብቃችሁ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ሰኩ። የወደቀ ሽቦ ካያችሁ ቢያንስ 10 ሜትር ራቁ፤ ሞቷል ብላችሁ አትገምቱ። ለኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ደውሉ። ቁጥሩን ስልክ ላይ ብቻ ሳይሆን ወረቀቱም ላይ ጻፉት።

ይህን ሁሉ ካሟላችሁ በኋላ የዝናቡና የንፋሱ ወቅት ሳይገባ አንድ ቅዳሜ ማታ ዋናውን ብሬከር ራሳችሁ አጥፉት። እስከ ጠዋት አታብሩት። እራት አብስሉ፣ ልጆቹን አጥቡ፣ ተኙ። የጎደለውን የሚነግራችሁ ይህ ሌሊት ነው። የእኛ ቤት የነገረን ከእናቴ አልጋ እስከ መጸዳጃው ያለው ኮሪደር ጨለማ መሆኑን ነው፤ እንቅስቃሴ ሲያይ የሚበራ ባለ ባትሪ አምፖል ተገጠመለት። የእናንተን ጉድለት በዚያው ሌሊት ወረቀት ላይ አስፍሩ፤ ሰኞ ገዝታችሁ ግጠሙት።