ጎርጎራን ከውኃው ጀምሮ ማንበብ

በጣና ሐይቅ ሰሜን ዳርቻ ወዳለችው ጎርጎራ የሚወርድ ሰው ሐሳቡ ዓሣና ጀልባ ነው። እኔ ግን ተማሪዎቼን ይዤ ስሄድ መጀመሪያ የማቆማቸው ወደቡ ጫፍ፣ ድንጋዩ ውኃ ውስጥ የሚገባበት ቦታ ላይ ነው። እናንተም ከዚያ ጀምሩ።

ማልዳችሁ ውረዱ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ማዕበሉ አያሳይም። ድንጋዩ ላይ ያለውን ጠቆር ያለ መስመር ፈልጉ፤ ሐይቁ ሞልቶ የደረሰበት ነው። ከመስመሩ እስከ ዛሬው ውኃ ድረስ በስንዝር ለኩና ጻፉ፤ ወሩን እንዳትረሱ። ጣና ክረምቱ ሲወጣ ሞልቶ በሰኔ ስለሚጎድል፣ ወር ያልተጻፈበት ልኬት ምንም አይነግራችሁም። ጣና ወደ ዓባይ በሚወጣበት በባሕር ዳር በኩል የጨረጨራ ግድብ በ1988 ዓ.ም. ከተሠራ ወዲህ ደግሞ ከፍታው በዝናብ ብቻ የሚወሰን አይደለም። በ1995 ዓ.ም. ሐይቁ ክፉኛ ሸሽቶ መርከቦች ለወራት ቆመዋል። ይህን ዓመት ያዙት።

ቀጥሎ ታንኳዎቹን። ወደቡ ከጣሊያን ወረራ ዘመን የጀመረ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ ከደንገል፣ ሐይቅ ዳር ከሚበቅለው ረጅም ሣር፣ የሚሠራው ታንኳ ግን ከዚያ እጅግ ይቀድማል። ባለ ታንኳው ከሐይቅ ሲመለስ ታንኳውን ተሸክሞ ዛፍ ላይ ሲያስደግፈው ታያላችሁ። ደንገል ውኃ ይጠጣል፤ ካልደረቀ ይከብዳል፣ ይበሰብሳል። ጎኑን ጫን አድርጋችሁ ንኩት፤ እንደ ስፖንጅ ይሰምጥና ተመልሶ ይነሣል። ፈቃድ ግን አስቀድሙ፤ የሰው እንጀራ ነው።

ከዚያ ጀልባ ተከራይታችሁ ወደ አሮጌው ጎርጎራ ሂዱ፤ መመለሻውንም አብራችሁ ተዋዋሉ። ባሕረ ገብ መሬቱ ላይ የፈረሰው ማርያም ግምብ አለ። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት በተቀበሉበት ዘመን፣ ከኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን ጋር የተያያዘ ሥራ ነው። ንጉሡ በ1624 ዓ.ም. ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ፤ በ1628 ዓ.ም. ጎንደር ተቆረቆረች፤ ሐይቁ ዳር ያለው ከተማ ተተወ። ፍርስራሹ ላይ አትውጡ፤ ድንጋዩ ልል ነው፤ እያንዳንዷ የምትነቀል ድንጋይም አትተካም።

ስትመለሱ ደብረ ሲና ማርያምን ተሳለሙ፤ ሥዕሎቿን ካህኑ ሲያስረዱ አታቋርጡ።

ሽማግሌዎችን የምታነጋግሩት መጨረሻ ላይ ነው፤ ያኔ የምትጠይቁትን ታውቃላችሁ። በወጣትነቴ አንድ አባት ዘንድ ደብተር ዘርግቼ «በስንት ዓመተ ምሕረት ነበር?» ስላቸው ዝም አሉኝ። ቆይቼ «አባቴ፣ ሐይቁ ሸሽቶ መርከብ የቆመበት ጊዜ ልጅዎ ተወልዶ ነበር?» ብል አንድ ሰዓት ሙሉ አወሩኝ፤ ውኃው እስከየት እንደሸሸ በከዘራቸው መሬት ላይ አሠመሩልኝ። ዓመቱን ጠያቂው ያሰላዋል፤ እሳቸው የሚያውቁት ልጁን፣ መርከቡንና የሸሸውን ውኃ ነው። ከመነሣታችሁ በፊት የጻፋችሁትን አንብቡላቸው። እኔ ያነበብኩላቸው ዕለት የአንዲት ደሴት ስም ተሳስቼ ነበር፤ ሁለት ጊዜ አስደግመው አረሙኝ፤ እኔም እዚያው ፊታቸው ሰርዤ ጻፍኩት።