ፈጣን ቻርጀር ጋ ከመሰለፋችሁ በፊት
የኤሌክትሪክ መኪና ለምትነዱ፣ በተለይ አዲስ አበባ ላላችሁ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ፈጣን ቻርጀር ላይ 80 ፐርሰንት ሲደርስ ንቀሉት። ከዚያ በኋላ መኪናው ራሱ ባትሪው እንዳይጎዳ የሚቀበለውን ኃይል እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ የቀረችው 20 ፐርሰንት ከ30 እስከ 80 የፈጀውን ያህል ጊዜ ልትበላባችሁ ትችላለች፤ ከኋላችሁ ደግሞ 10 ፐርሰንት የቀረው ሰው ቆሞ እየጠበቀ ነው። ቀሪውን ማታ ቤታችሁ ሙሉት።

ክፍያን በተመለከተ፣ የኢትዮ ቴሌኮም ጣቢያዎች ላይ የሚከፈለው በቴሌብር ስለሆነ በቂ ብር መኖሩን ከቤት ሳትወጡ እዩ። ሒሳቡ ቀላል ነው። ባትሪያችሁ 60 ኪሎዋት ሰዓት ከሆነ፣ ከ20 ወደ 80 ፐርሰንት ለመድረስ 36 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። ያንን በጣቢያው ዋጋ አባዙት፤ ሲሞላ በሙቀት የሚባክን ስላለ ትንሽ ጨመር አድርጉበት።

ሶኬቱንም ቀድማችሁ አረጋግጡ። ለቻይና ገበያ የተሠሩት መኪኖች ሶኬታቸው ጂቢቲ (GB/T) የሚባለው ዓይነት ነው፣ ለአውሮፓ የተሠራው ግን ሲሲኤስ2 (CCS2) የሚባለው ስለሚሆን ቻርጀሩ ባዶ ሆኖ እያያችሁት ላይገባላችሁ ይችላል።

ቻርጀሩ ላይ በተጻፈው ትልቅ ቁጥር አትጓጉ። መኪናችሁ መቀበል የሚችለው 80 ኪሎዋት ከሆነ፣ 500 የሚል ላይ ብትሰኩትም ያው 80 ነው።

ሰክታችሁ ቡና ልትጠጡ ከሄዳችሁ ደግሞ፣ እባካችሁ ስልክ ቁጥራችሁን መስታወቱ ላይ አስቀምጡ።