የሐይቅ ውሃ የአልጌ መርዝ እንዳለበት በኢንዛይም እንዴት ይመረመራል?

የሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ አረንጓዴ ሽፋን ሲይዝ ብዙ ሰው «አፍልተን ብንጠቀምበትስ?» ብሎ ይጠይቃል። አይሆንም። ሽፋኑን ከሚፈጥሩት ሳይኖባክቴሪያዎች (በተለምዶ ሰማያዊ-አረንጓዴ አልጌ የሚባሉት ባክቴሪያዎች) አንዱ የሆነው ማይክሮሲስቲስ፣ ማይክሮሲስቲን የተባለ የጉበት መርዝ ሊያመነጭ ይችላል። ማፍላት ባክቴሪያውን ይገድላል እንጂ መርዙን አያጠፋም። እንዲያውም ሴሎቹ ሲፈነዱ ውስጣቸው የነበረው መርዝ ወደ ውሃው ይለቀቃል። ከዚህ በታች ያለው የኢንዛይም ምርመራ አነስተኛ ቤተ ሙከራ ላላቸው መምህራንና የውሃ ባለሙያዎች የሚሆን ነው።

መርሁ ቀላል ነው። ፕሮቲን ፎስፋቴዝ የሚባሉት ኢንዛይሞች በሴሎቻችን ውስጥ ከፕሮቲኖች ላይ ፎስፌትን ያነሳሉ። ማይክሮሲስቲን ጉበት ውስጥ ገብቶ ይህን ሥራ ያስቆማል። እኛም መርዙ የሚያጠቃውን ኢንዛይም ራሱን መመርመሪያ እናደርገዋለን። ፓራ-ናይትሮፌኒል ፎስፌት ቀለም የለውም፤ ኢንዛይሙ ፎስፌቱን ሲነጥቀው ግን ቢጫ ይሆናል። ቢጫው በደንብ ከወጣ ኢንዛይሙ እየሠራ ነው፤ ከደበዘዘ ወይም ከጠፋ አንድ ነገር አግዶታል።

1. ኢንዛይሙን በስሙ ምረጡ። የሚያስፈልገው ፕሮቲን ፎስፋቴዝ 1 ወይም 2ኤ ነው። ሁለቱም በናኖሞላር፣ ማለትም እጅግ ጥቂት በሆነ መጠን ባለ ማይክሮሲስቲን ይታገዳሉ። 2ቢ ለዚህ መርዝ እጅግ ያነሰ ስሜት አለው፤ 2ሲ ደግሞ ከናካቴው አይነካም ማለት ይቻላል። በርካሽ የሚገኘው አልካላይን ፎስፋቴዝ ለዚህ ሥራ አይረባም፤ መርዝ ቢኖርም ባይኖርም ቢጫውን ያወጣል፤ ሰውንም ያሳስታል።

2. ናሙና ውሰዱ። ጓንት አድርጉ። ነፋስ ወደ ዳር የገፋውን ሽፋንና የመካከሉን ውሃ በተለያየ ጠርሙስ ያዙ፤ አትቀላቅሉ። በአሞራ ገደል ዳርቻ የተቀዳ አረንጓዴ ውሃ ስለ ሐይቁ መካከል አይናገርም። መርዙ በፕላስቲክ ላይ ሊጣበቅ ስለሚችል የብርጭቆ ጠርሙስ ይመረጣል። ከፀሐይ ሸፍናችሁ በበረዶ አጓጉዙ።

3. ሴሎቹን ስበሩ። አብዛኛው መርዝ ያለው በሴሉ ውስጥ ነው። ናሙናውን ሦስት ጊዜ አቀዝቅዛችሁ አቅልጡ።

4. አሁን አፍሉት። ብዙዎች የሚዘሉት ይህን ነው፤ ውጤቱን የሚያበላሸውም ይኸው መዝለል ነው። በሐይቅ ውሃ ውስጥ ያሉ ፍጥረታት የራሳቸው ፎስፋቴዝ አላቸው። የእናንተ ኢንዛይም በመርዝ ታግዶ ሳለ የእነርሱ ሥራውን ይቀጥልና ቢጫውን ያወጣል። ያኔ መርዛማው ውሃ ንጹሕ መስሎ ይታያል። የማፍላት ድክመት እዚህ ይጠቅመናል፤ ሙቀቱ ከሐይቁ የመጣውን የውጭ ኢንዛይም ያበላሻል፤ መርዙ ግን ይቀራል።

ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ከባሕር ጠለል አጠገብ የተጻፈ መመሪያ ከሚያዘው ጥቂት ደቂቃ ጨምሩ፤ የጠርሙሱን ክዳን በጥብቅ አትዝጉት። ከቀዘቀዘ በኋላ በሴንትሪፊዩጅ አጣሩ።

ማፍላቱ መሥራቱን በግምት አትቀበሉ። የፈላውን ናሙና ኢንዛይም ሳትጨምሩ ከፓራ-ናይትሮፌኒል ፎስፌት ጋር ብቻ አስቀምጡ። ከመነሻው ይበልጥ ቢጫ ከሆነ የውጭው ኢንዛይም ገና አልሞተም፤ እንደገና አፍሉ። ይህ ብልቃጥ የውሃውን የራሱን አረንጓዴ ቀለም ለመቀነስም ያገለግላል። እኔ ከውድ መሣሪያ ይልቅ ይህችን ብልቃጥ እመርጣለሁ።

5. ምላሹን አስኪዱ። ትሪስ ባፈር (አሲድነቱን የሚያረጋጋ ፈሳሽ)፣ እንደ ኢንዛይሙ አምራች መመሪያ ማንጋኒዝ፣ ኢንዛይም፣ ናሙና፤ ጥቂት ጠብቃችሁ ፓራ-ናይትሮፌኒል ፎስፌት። የፎስፌት ባፈር በፍጹም አትጠቀሙ፤ ፎስፌት ራሱ ኢንዛይሙን ያግዳል። በ37 ዲግሪ አቆይታችሁ የቢጫውን መጠን በቀለም መለኪያ (ስፔክትሮፎቶሜትር) በ405 ናኖሜትር አንብቡ። መርዝ የሌለበት ውሃና መጠኑ የታወቀ ማይክሮሲስቲን ያለበት ውሃ አብረው መነበብ አለባቸው፤ ያለ እነርሱ ቁጥሩ ትርጉም የለውም።

የዓለም ጤና ድርጅት ዘወትር ለሚጠጣ ውሃ ያስቀመጠው መጠን በሊትር 1 ማይክሮግራም ማይክሮሲስቲን ነው። ይህ ወደ 1 ናኖሞላር የሚጠጋ ስለሆነ ኢንዛይሙ የሚታገድበት ክልል ውስጥ ነው። ሽፋኑ ግን ከዚህ እጅግ ሊበልጥ ይችላል። ቢጫው ሙሉ በሙሉ ከጠፋ ናሙናውን ደጋግማችሁ አቅጥኑ፤ ከፊል እገዳ የሚታይበትን ቅጥነት ስታገኙ ብቻ አስሉ።

ኢንዛይሙ መታገዱን ይናገራል እንጂ ማን እንዳገደው አይናገርም። ሌላው የሳይኖባክቴሪያ መርዝ ኖዱላሪንም ሆነ በባሕር ዛጎሎች ውስጥ የሚከማቸው መርዝ ኦካዳይክ አሲድ ተመሳሳይ ውጤት ይሰጣሉ። ስለዚህ ከናሙናው ግማሹን ከመጀመሪያው ለይታችሁ በማቀዝቀዣ አስቀምጡ፤ መርዙን በስሙ ለመለየት ክሮማቶግራፊ ወዳለው ቤተ ሙከራ የሚላከው እሱ ነው። መልሱ እስኪመጣ ግን አትጠብቁ። እገዳ ከታየ ከብቶች ከዚያ ዳርቻ እንዳይጠጡ፣ ልጆች እንዳይዋኙ፣ ዓሣ የሚገዛውም ጉበቱንና አንጀቱን እንዲጥል በዚያው ቀን ንገሩ።