የቀይ ባሕርን ጠለልና የውኃ ሙቀት በስታትስቲክስ የመተንተን ዘዴ

የቀይ ባሕር የወር አማካይ ጠለልና የላይኛው ውኃ ሙቀት እንዳሉ ተወስደው ተዛምዷቸው (አብረው የሚለዋወጡበት መጠን) ቢሰላ፣ ውጤቱ አሉታዊ ሊሆንና ውኃው ሲሞቅ ጠለሉ የሚወርድ ሊያስመስል ይችላል። ምክንያቱ ግን በዋነኛነት ነፋስ ነው። በታኅሣሥና በጥር በባሕሩ ደቡባዊ ክፍል ከደቡብ የሚነፍሰው ነፋስ ውኃን በባብ ኤል ማንደብ በኩል ወደ ውስጥ ሲገፋ ጠለሉ ከፍ ይላል፤ በነሐሴና በመስከረም አካባቢ ደግሞ ከሰሜን የሚመጣው ነፋስ የላይኛውን ውኃ ወደ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ስለሚያስወጣ፣ ባሕሩ እጅግ በሚሞቅበት በዚያው ወቅት ጠለሉ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ወቅታዊውን መዋዠቅ ከረጅሙ አዝማሚያ መለየት ያስፈልጋል።

የጠለል መረጃ ከሁለት ምንጭ ይገኛል። ቶፔክስ ፖሲዶንና ተከታዮቹ የጄሰን ሳተላይቶች የለኩት ተከታታይ መረጃ ከ1993 እ.ኤ.አ. ይጀምራል፤ የባሕር ዳርቻ ጣቢያዎችን የወር አማካይ ደግሞ ሊቨርፑል የሚገኘው ቋሚ የአማካይ ባሕር ጠለል አገልግሎት በነፃ ያቀርባል። ሳተላይቱ ከምድር ማዕከል አንጻር ሲለካ ጣቢያው መነሻ የሚያደርገው የቆመበትን መሬት ነው፤ መሬቱ ከሰጠመ ባሕሩ የጨመረ ይመስላል። በመሆኑም የመሬቱ እንቅስቃሴ ሳይታረም ሁለቱን እንደ አንድ ተከታታይ መቀጠል አይገባም።

በሊቨርፑሉ ፋይል የጎደሉ ወራት −99999 ተብለው ተመዝግበዋል። ትክክለኞቹ ቁጥሮች 7000 ሚሊ ሜትር አካባቢ ስለሆኑ፣ እንዲህ ያለ አንድ ቁጥር እንኳ ሳይወገድ ቢቀር የአዝማሚያውን መስመር ያበላሻል። ቦታው ባዶ ይተው እንጂ በዜሮ አይተካ። ለሙቀቱ፣ የአሜሪካው የውቅያኖስና የከባቢ አየር ተቋም ኖኣ ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያዘጋጀውን ዕለታዊ የገጽ ሙቀት ወደ ወር አማካይ መለወጥ ይበቃል።

ቀጥሎ በአር ወይም በፓይተን የኮምፒውተር ቋንቋ አንድ ሪግሬሽን፣ ማለትም ለመረጃው የሚስማማውን ቀመር የሚፈልግ ስሌት፣ ይሠራል። ጊዜው በዓመት ይቆጠራል፤ ከእርሱ ጋር የዓመታዊውና የግማሽ ዓመታዊው ዑደት ሳይንና ኮሳይን ወቅታዊውን መዋዠቅ እንዲወክሉ በአንድነት ይገባሉ። የጊዜው ማባዣ ጠለሉ በየዓመቱ በስንት ሚሊ ሜትር እንደተለወጠ ያሳያል።

ብዙ ሥራ የሚበላሸው የስህተቱ ወሰን ሲሰላ ነው። ተራው ሪግሬሽን እያንዳንዱን ወር ራሱን እንደቻለ ማስረጃ ይቆጥራል፤ ባሕር ግን ያለፈውን ወር ሁኔታ ይዞ ስለሚቆይ አጎራባች ወራት ይመሳሰላሉ። ከሪግሬሽኑ የተረፈው ቀሪ በአንድ ወር ልዩነት ከራሱ ጋር ያለው ተዛምዶ 0.6 ነው እንበል። የ30 ዓመት መረጃ 360 ወራት ቢኖሩትም፣ 360 በ0.4 (1 ሲቀነስ 0.6) ተባዝቶ ለ1.6 (1 ሲደመር 0.6) ሲካፈል ራሱን የቻለው ማስረጃ 90 ብቻ ይሆናል፤ መደበኛ ስህተቱም፣ ማለትም የአዝማሚያው ግምት ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል የሚለካው ቁጥር፣ በእጥፍ ያድጋል። ያለዚህ እርማት የቀረበ አዝማሚያ ከሚገባው በላይ እርግጠኛ መስሎ ይታያል፤ ስለዚህ እርማቱ ፈጽሞ መታለፍ የለበትም ብዬ አምናለሁ።

ሙቀትና ጠለል የሚነጻጸሩት ከሁለቱም ወቅቱና አዝማሚያው ከወጣ በኋላ ነው፤ አለዚያ አብረው የጨመሩ ሁለት ነገሮች ሁሉ የተዛመዱ ይመስላሉ። የተገኘው ተዛምዶም በመጠን ይፈተሽ። በዚህ ባሕር ሙቀት 100 ሜትር ጥልቀት ያለው ውኃ በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሞቅ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ይለጠጣል፤ ሳተላይት የሚያየው የገጽ ሙቀት ግን ሙቀቱ ምን ያህል ወደ ታች እንደወረደ አይናገርም። በጥልቀት የተለካ ሙቀትና ጨዋማነት ከሌለ፣ ከጭማሪው ይህን ያህሉ በመሞቅ የመጣ ነው ብሎ መጻፍ አይቻልም።