ስድስት ኪሎ እየተማሩ አዲስ አበባን ማየት

ከክፍለ ሀገር የመጣ ፍሬሽ ሁሉ «ፋይናል ይለቅና ከተማውን አያለሁ» ይላል። ፋይናል ሲያልቅ ግን ሻንጣውን አንጠልጥሎ ወደ መናኸሪያ ነው። ከግቢና ከፒያሳ ሌላ ሳያውቅ የሚመረቅ ሞልቷል። ስለዚህ ባዶ ቀን አትጠብቁ። የምታገኙት የሁለት ሰዓት ሽርፍራፊ ነው።

ኮርስ አውትላይን እንደተሰጣችሁ የሚድና የአሳይመንት ቀኖችን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ አልጋችሁ ራስጌ ለጥፉ። ሚድ ባለበት ሳምንት ከተማ የለም፣ አለቀ። በሌላው ሳምንት ጭንቅላታችሁ እምቢ የሚልበትን ሰዓት ፈልጉ። እኔ ከምሳ በኋላ ላይብረሪ ብገባ ሃንድአውቱ ላይ ተኝቼ ነው የምነሳው። ክላስ ከሌለኝ በዚያ ሰዓት እወጣለሁ፤ ጥናቱን ለማታ።

መጀመሪያ የታክሲ ሳንቲም የማይጠይቀውን። የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ያለበት ሕንፃ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር፤ መኝታ ቤታቸው ሳይቀር ይታያል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት እዚሁ ግቢ ውስጥ ነው። ደጁ ላይ ጣሊያን የሠራው ጠምዛዛ ደረጃ አለ። ብትወጡትም የትም አያደርስም። ጫፉ ላይ ግን የይሁዳ አንበሳ ጉብ ብሏል፤ ከነጻነት በኋላ የተቀመጠ ነው። እኔ ከሐውልት ሁሉ እሱን እወዳለሁ።

ሌላ ቀን ላፕቶፕ ይዛችሁ ቁልቁል ወደ አራት ኪሎ በእግር ውረዱ። አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ገብታችሁ ድንቅነሽን እዩ። ከዚያ አራት ኪሎ አብርሆት ላይብረሪ ቁጭ ብላችሁ አሳይመንቱን ጨርሱ። መመለሻው ዳገት ነው፤ ታክሲ ያዙ። ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ሰልፉ ስለሚረዝም ቀደም በሉ።

እንጦጦን ለቅዳሜ ጠዋት ተዉት። እስከ ሽሮ ሜዳ በታክሲ፣ ከዚያ ሌላ ታክሲ። ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ጃኬት ያስፈልጋል። ጫካው ውስጥ ብቻችሁን አትግቡ፤ አመሻሹ ላይ ጅብ አለ። መርካቶ ደግሞ ግማሽ ቀን ይበላል፣ ኪስም ያራግፋል። እሱ ለሴሚስተር እረፍት ይቆያችሁ።